ለረጅም ጉዞ የሚሆን የዱሮ አሜሪካ ሠራሽ የቤት አውቶሞቢል ስለ መፈለግ

አዲስ ዕቃ መግዛት ብዙ ጭንቅ የለበትም። ዋጋው የታወቀ ነው፤ ዋስትናው ተጽፎ ይሰጣል፤ ሻጩም በማግሥቱ የሚገኝበት ሱቅ አለው። የነጋዴ ዐይን የሚፈተነው አሮጌ ዕቃ በሚገዛበት ቀን ነው። ከአሮጌ ዕቃም ሁሉ ይልቅ ፈተናው የሚከብደው፣ ሰው ሚስቱንና ልጆቹን አሳፍሮ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ሊነዳው በሚያስበው አውቶሞቢል ላይ ነው፤ በዚህ ግዢ የተሳሳተ ሰው የሚያጣው ገንዘቡን ብቻ አይደለምና።

በአሜሪካ አገር ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የዱሮውን ሰፊና ረጅም ባለ አራት በር የቤት አውቶሞቢል፣ እነርሱ ሴዳን የሚሉትን፣ ፈልጎ ገዝቶ ከዳር እስከ ዳር መጓዝ የብዙ ሰዎች ምኞት ሆኗል። በዋሽንግተን፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ከዚህ ምኞት ውጭ አይደሉም። ከእነርሱ መካከል በታክሲ ሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት ስለ እነዚህ መኪኖች ጠባይ የሚያውቁት ከብዙ መካኒክ ይበልጣል። እኛ ነገሩን በዚህ ጋዜጣ የምናነሣው አስመጪዎቻችን ዕቃውን ወደ አገር ቤት እንዲያመጡት በማሰብ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ መጣሉ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መወሰኑ ለሁሉም የታወቀ ነው። ነገር ግን አስተዋይ ገዢ እዚያ አገር አሮጌ መኪናን የሚመረምርበት መንገድ፣ ያገለገለ ዕቃ ለሚገዛና ለሚሸጥ ሰው ሁሉ ትምህርት አለበት። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

እነዚህ መኪኖች ለረጅም ጉዞ የተመቹ የሆኑት በአጋጣሚ አይደለም። በ1956 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፈረሙት ሕግ 41000 ማይል፣ ማለት 66000 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሰፊ አውራ ጎዳና እንዲሠራ አዘዘ። ፋብሪካዎቹም መኪኖቻቸውን ከዚሁ ጎዳና ጋር አስማሙ፤ ረጅም ሻንሲ፣ ለስላሳ ሞላ፣ በዝግታ እየዞረ ብዙ ጉልበት የሚሰጥ ባለ ስምንት ፒስቶን ሞተር፣ ሦስት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ወንበር፣ የስድስት ሰው ሻንጣ የሚይዝ የዕቃ መጫኛ። በጠባብና በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ይህ ሁሉ ሸክም ነው። ቀጥ ባለውና ማለቂያ በሌለው የካንሳስ ሜዳ ላይ ግን ስምንት ሰዓት ነድቶ ወገቡን ሳያመው የሚወርድ ሰው የፋብሪካዎቹን ሐሳብ ይረዳል።

ነጋዴ አንባቢያችን በመጀመሪያ ሊያስተውለው የሚገባ የገበያ ጠባይ አለ። በአሜሪካ የአሮጌ መኪና ገበያ ዋጋን የሚወስነው ምኞት እንጂ ጥቅም አይደለም። ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ዓመት የወጡ፣ ሞተራቸውና ሻንሲያቸው አንድ የሆነ ሁለት መኪኖች ለገበያ ቢቀርቡ፣ ጣራው የሚከፈተው ወይም ባለ ሁለት በሩ ከባለ አራት በሩ እጅግ በላቀ ዋጋ ይሸጣል። ምክንያቱም ገዢው በወጣትነቱ ይመኘው የነበረው ያንን ነው፤ ባለ አራት በሩን የሚነዱት ግን አባቱና የሰፈሩ ፖስተኛ ነበሩ። ስለዚህ ገበያው የናቀውን ዕቃ የሚፈልግ ተጓዥ ትርፉን ገና ከመነሻው ያገኛል ማለት ነው። ይህ ንቀት ግን አንድ ጉዳት አስከትሏል። ባለ አራት በሮቹ ርካሽ በመሆናቸው ብዙዎቹ ለሌሎቹ መለዋወጫ ይሆኑ ዘንድ ተፈትተው አልቀዋል፤ የበራቸው መስተዋትና የኋላ በራቸው ላሜራም ከሞተር ይልቅ ለማግኘት ያስቸግራል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የየትኛው ዘመን መኪና ይመረጥ የሚለው ነው። በዚህ ላይ የብዙ ሰው ልብ ወደ 1950ዎቹ ያደላል። የ1955 ሸቭሮሌት ለምሳሌ በእውነት የሚያምር ነው፤ በዚያ ዓመት የወጣው ባለ ስምንት ፒስቶን ሞተርም ዘሩ እስከ ዛሬ ድረስ የቆየ ሲሆን፣ ጄኔራል ሞተርስ በ2011 የዚህኑ ዐይነት ሞተር 100 ሚሊዮንኛውን ሠርቶ በዓል አድርጎለታል። የኤሌክትሪኩም ኀይል በዚያው ዓመት ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት ተለወጠ። ነገር ግን በዚያ ዘመን በተሠሩት መኪኖች የፍሬኑ ዘይት የሚሄደው በአንድ መሥመር ብቻ ስለ ነበረ፣ አንዲት ቱቦ ብትቀደድ አራቱም ጎማዎች በአንድ ጊዜ ፍሬን ያጣሉ። የመሪው ዘንግ በግጭት ጊዜ የሚታጠፍ አልነበረም፤ በቀጥታ ወደ ነጂው ደረት ይመጣል። የወገብ ቀበቶ እንኳ ያለው ጥቂቱ ነበረ። በ1966 የመኪና ደኅንነት ሕግ ወጥቶ ከጃንዋሪ 1968 ጀምሮ በሁለት መሥመር የተከፈለ ፍሬን፣ የሚታጠፍ መሪ ዘንግና የደኅንነት ቀበቶ በፋብሪካዎቹ ላይ ግዴታ ሆነ። ሰንበት ሰንበት በከተማ ለሚንሸራሸር ሰው ይህ ልዩነት ሊታለፍ ይችል ይሆናል። ቤተሰቡን ይዞ ከከባድ መኪኖች ጎን በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ግን፣ በእኛ ግምት፣ ከ1968 በፊት የተሠራ መኪና ፍሬኑ ወደ ሁለት መሥመር ሳይለወጥና ቀበቶ ሳይገባለት ለረጅም መንገድ መዋል የለበትም። ሥራው ለደኅና መካኒክ አስቸጋሪ አይደለም፤ ወጪውን ከዋጋው ጋር አስቀድሞ መደመር ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ማርሽ ነው። ይህን ብዙ ገዢ አያስበውም፤ በረጅም ጉዞ ላይ ግን ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው። እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ የአሜሪካ መኪኖች አውቶማቲክ ካምቢዮ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሦስት ማርሽ ነበረ። የኋላው ዲፈረንሲያል የጥርስ ልክ 3.36 ለ 1 የሆነና የጎማው ቁመት 27 ኢንች የሆነ መኪና በሰዓት 70 ማይል ሲሄድ፣ ሞተሩ በደቂቃ 2900 ጊዜ ያህል ይዞራል። ኦቨርድራይቭ የሚሉት አራተኛ ማርሽ ያለው፣ የዲፈረንሲያሉም ልክ 3.08 የሆነ መኪና ግን በዚያው ፍጥነት 1900 ያህል ብቻ ይዞራል። ከኒው ዮርክ እስከ ሎስ አንጀለስ ያለው መንገድ 2800 ማይል ያህል ነው። በዚያ ፍጥነት 40 ሰዓት ይፈጃል ብንል፣ የሁለቱ ሞተሮች ልዩነት በአንድ ጉዞ 2400000 ዙር ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚከፈለው በቤንዚን፣ በዘይት፣ በጩኸትና በነጂው ራስ ምታት ነው። የቤንዚኑን ሒሳብ ብቻ ብንወስድ እንኳ፣ በጋሎን 14 ማይል የሚሄደው መኪና ለዚህ መንገድ 200 ጋሎን፣ ማለት 757 ሊትር ይጠጣል፤ በጋሎን 22 ማይል የሚሄደው ግን 127 ጋሎን ያህል ይበቃዋል። ፎርድ ኦቨርድራይቭ ያለውን አውቶማቲክ ካምቢዮ በ1980፣ ጄኔራል ሞተርስም በ1981 ማውጣት ጀምረዋል። ከዚያ በፊት በተሠራ መኪና ላይ የኋለኛውን ዘመን ካምቢዮ ማስገባት የተለመደ ሥራ ነው።

በዚህ ሚዛን ሲታይ ምርጫው እየጠበበ ይሄዳል። ጄኔራል ሞተርስ በ1977 ትልልቆቹን መኪኖቹን አሳጥሮና አቅልሎ ባወጣቸው ጊዜ፣ ሸቭሮሌት ካፕሪስ የተባለው ከውስጥ ሳይጠብብ ከውጭ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ለነጂውም ለመካኒኩም የተመቸ ነበር። የኋለኛዎቹ፣ ከ1991 እስከ 1996 የተሠሩት ካፕሪስና ቢዩክ ሮድማስተር፣ በካርቡራተር ፈንታ ኢንጀክሽን፣ በሦስት ማርሽም ፈንታ አራት ማርሽ አላቸው። ከ1994 ጀምሮ የገባላቸው ሞተር ኀይለኛ ቢሆንም፣ እሳት አከፋፋዩ በውሃው ፖምፓ ሥር ስለ ተቀመጠ፣ ፖምፓው ባፈሰሰ ጊዜ ሞተሩ ይታመማል። እንዲህ ያለውን መኪና የሚገዛ ሰው ፖምፓው መቼ እንደ ተለወጠ ሳይጠይቅ እጁን ወደ ኪሱ አይስደድ።

ፎርድም እስከ 2011 ድረስ ክራውን ቪክቶሪያን፣ ግራንድ ማርኪስንና ሊንከን ታውን ካርን በአንድ ዐይነት ሻንሲ ላይ ሠርቷል። የመጨረሻው ክራውን ቪክቶሪያ በካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ከሚገኘው የሴንት ቶማስ ፋብሪካ የወጣው በሴፕቴምበር 2011 ነው። ፖሊሱም ታክሲውም ይህንኑ ስለ ነዳ መለዋወጫው በየትም ይገኛል። ጉድለቱም የታወቀ ነው፤ ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ በተሠሩት በብዙዎቹ ላይ ከሞተሩ በላይ ያለው የፕላስቲክ አየር ማስገቢያ ውሃው በሚያልፍበት በኩል ይሰነጠቃል፤ ብረት ያለበት አዲሱ ዐይነት ገብቶለት እንደ ሆነ ኮፈኑን ከፍቶ ማየት ይቻላል። ከፖሊስ አገልግሎት የወጣውን ርካሽ ብሎ የሚገዛም ሰው ሰዓታትን ሙሉ ቆሞ ሲሠራ የኖረ ሞተር ድካሙ በኪሎ ሜትር ቆጣሪው ላይ እንደማይታይ ይወቅ። በአንጻሩ አንድ ሽማግሌ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ብቻ የነዱት ግራንድ ማርኪስ ብዙ ጊዜ በርካሽ ይገኛል፤ ወራሾቹ ቦታ እንዲለቅላቸው እንጂ ትርፍ እንዲያመጣላቸው አይፈልጉምና።

የበለጠ የቆየ መኪና ካልሆነ አልሄድም ለሚል ሰው ደግሞ፣ ከ1960 ጀምሮ በፕሊመዝ ቫሊየንት በኋላም በዶጅ ዳርት ላይ የገባው ባለ ስድስት ፒስቶን ዘንበል ያለ ሞተር አለ። ፈጣን አይደለም፤ ግን በጥንካሬው የተመሰገነ ነው። በካላማዙ፣ ሚሺጋን እስከ 1982 የተሠራው ቼከር የተባለው የታክሲ መኪናም ከ1965 ወዲህ የሸቭሮሌት ሞተር ስላለው ሞተሩ ችግር የለበትም፤ ላሜራው ግን ያስቸግራል። ከ1961 ጀምሮ የወጣውን፣ የኋላ በሮቹ ወደ ኋላ የሚከፈቱትን ሊንከን ኮንቲኔንታል የተመኘ ሰው ውበቱን አንክድበትም፤ ግን እጅግ ከባድና ቤንዚን ጠጪ፣ ጥገናውም ውድ ነው። መኪናው በግቢው ሳለ ለአንዲት ዕቃ ስድስት ወር የሚጠብቅ ሰው ነገር «ላም አለኝ በሰማይ» ነው።

ፍለጋው የት ይጀመር ቢባል፣ ከ1954 ጀምሮ የሚታተመው ሄሚንግስ ሞተር ኒውስ የተባለው መጽሔት ማስታወቂያ፣ የየዐይነቱ መኪና ባለቤቶች ማኅበራት፣ በየጥቅምቱ በሄርሺ፣ ፔንሲልቬንያ የሚደረገው ትልቅ የአሮጌ መኪናና የመለዋወጫ ገበያ የታወቁ ናቸው። በኢንተርኔት የሚወጣው ማስታወቂያ ዛሬ ከሁሉ ይበዛል። ነገር ግን ከቦታው ይልቅ የአየሩን ጠባይ መምረጥ ይበልጣል። በሚሺጋን፣ በኦሃዮ፣ በኒው ዮርክ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፤ ያም ጨው ሻንሲውን፣ የፍሬን ቱቦውንና የወለሉን ላሜራ ከሥር ይበላል። የአሪዞናና የኒው ሜክሲኮ መኪና ግን ዳሽቦርዱ የተሰነጠቀ፣ ወንበሩ የተቀደደ፣ ጎሚኒውም ሁሉ የደረቀ ሆኖ ይገኛል፤ ዐይን ይጠላዋል። እኛ ያለ ማመንታት የምንመርጠው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ጨርቅና ጎሚኒ በገንዘብ ይለወጣሉ፣ የተበላ ሻንሲ ማስጠገኛ ግን ከመኪናው ዋጋ ይበልጣል። በባሕር ዳርቻ አካባቢ የነበረ መኪና ከሆነ የውሃ ነገር ይመርመር። በ2005 ካትሪና የተባለው ማዕበል ኒው ኦርሊያንስን ባጥለቀለቀ ጊዜ በውሃ የተዘፈቁ ብዙ መኪኖች ታጥበውና ተወልውለው ራቅ ባሉ ግዛቶች ተሽጠዋል።

ለመመርመር ሲኬድ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ መያዝ ይበቃል። ማግኔቱ የማይዝበት ላሜራ በቀለሙ ሥር ስቱኮ አለበት። ምንጣፉ ተገልጦ ወለሉ፣ የዕቃ መጫኛውም ምንጣፍ ተነሥቶ የተጠባባቂው ጎማ ጉድጓድ ይታይ። ጣራቸው ቆዳ መሰል ልባስ ያላቸው መኪኖች በኋላ መስተዋታቸው ዙሪያ ከልባሱ ሥር ይዝጋሉ፤ በጣት ሲጫኑት የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ነገሩ ተበላሽቷል። ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያሞቀው ይነገረው፤ እጅ በኮፈኑ ላይ ተጭኖ የሞቀ ከሆነ ሌላ ቀን መመለስ ይሻላል፣ በቀዝቃዛ ሲነሣ የሚወጣው ሰማያዊ ጭስና የሚሰማው ድምፅ ከሻጩ አንደበት ይልቅ እውነቱን ይናገራልና። የካምቢዮው ዘይት ቀይና ንጹሕ መሆን አለበት፤ የተቃጠለ ከሸተተ ካምቢዮው ሊያልቅ ነው። የፍሬኑን ፔዳል አንድ ደቂቃ ሙሉ አጥብቆ ሲጫኑት ቀስ እያለ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ፖምፓው አልቋል። ጎማው ጥርሱ አዲስ መስሎ ቢታይም በጎኑ ያሉት አራት ቁጥሮች ይነበቡ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የተሠራበትን ዓመት ያሳያሉ። ቆሞ የኖረ መኪና ጎማ በሩጫ ላይ የሚፈነዳው ከእርጅና እንጂ ከማለቅ አይደለም። ከዚህ ሁሉ በኋላ በከተማ ዙሪያ አሥር ደቂቃ መንዳት ምርመራ አይባልም። ቢያንስ አንድ ሰዓት በአውራ ጎዳና ላይ ካልተነዳ የራዲያተሩ ጥበት፣ የኩሽኔታው ጩኸት፣ ቤንዚን በሙቀት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ሞተሩን ማፈኑ አይታወቅም።

ስለ ቤንዚኑ ራሱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። እርሳስ ያለበት ቤንዚን በአሜሪካ ለመንገድ መኪና ከ1996 መጀመሪያ ጀምሮ ፈጽሞ ተከልክሏል። ከ1970ዎቹ በፊት የተሠሩት ብዙ ሞተሮች ግን የቫልቮላቸው መቀመጫ በዚያ እርሳስ የሚጠበቅ ስለ ነበረ፣ በከባድ ረጅም ጉዞ ላይ ይበላል። ቴስታታው ሲታደስ የጠነከረ መቀመጫ ገብቶለት እንደ ሆነ ሻጩ በደረሰኝ ያሳይ። የዛሬው የአሜሪካ ቤንዚን ደግሞ በአብዛኛው 10 በመቶ አልኮል የተቀላቀለበት ስለ ሆነ የዱሮውን የጎሚኒ ቱቦ ያላላል፤ የላላ ቱቦ በጋለ ሞተር ላይ ማለት እሳት ማለት ነው። እነዚህ ቱቦዎች በርካሽ የሚገኙ ናቸውና ሳይጠየቅ ሁሉም ይለወጡ።

ወረቀቱም እንደ ሞተሩ ይመርመር። በአሜሪካ የእኛን ሊብሬ የሚመስለው የባለቤትነት ማስረጃ ታይትል ይባላል። 17 ፊደልና ቁጥር ያለው የሻንሲ ቁጥር በሁሉም ፋብሪካ የተለመደው ከ1981 ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው አጭርና በየፋብሪካው የተለያየ ስለ ሆነ፣ በመኪናው ላይ ያለው ቁጥር በወረቀቱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር። የብዙዎቹ ማይል ቆጣሪ ባለ አምስት ቁጥር ነው። 99999 ከሞላ በኋላ ከዜሮ ይጀምራል፤ ስለዚህ 43000 የሚያሳየው መኪና 143000 ሄዶ ይሆናል። ቆጣሪን መመለስ በፌዴራል ሕግ ከ1972 ጀምሮ የተከለከለ ቢሆንም፣ እስከ 2010 ድረስ የተሠሩ መኪኖች ሲሸጡ ሻጩ የማይሉን መግለጫ እንዲሰጥ የፌዴራሉ ደንብ ዛሬ አያስገድደውም። የፔዳሉ ጎሚኒ መበላትና የጋራዥ ደረሰኞች ከቆጣሪው ይልቅ ይታመናሉ።

በቨርጂኒያ ለሚኖሩ ወገኖቻችን በተለይ የሚጠቅም አንድ ነገር እንጨምር። ከ25 ዓመት በላይ የሆነው መኪና የጥንት መኪና ታርጋ ሊወጣለት ይችላል፤ ክፍያውም ዝቅተኛ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ይቸኩልበታል። ነገር ግን የቨርጂኒያ ሕግ በዚህ ታርጋ የሚደረገውን የሽርሽር ጉዞ ከባለቤቱ መኖሪያ እስከ 250 ማይል፣ ማለት 400 ኪሎ ሜትር ድረስ ብቻ ይፈቅዳል። ካሊፎርኒያ ድረስ ለመንዳት መኪና የገዛ ሰው ታርጋው ከግዛቱ ብዙም ሳይርቅ ይቀርበታል ማለት ነው። መደበኛውን ታርጋ ያውጣ። ኢንሹራንሱንም ሲዋዋል፣ ለአሮጌ መኪና የሚሰጠው ርካሽ ውል ረጅም ጉዞን ይሸፍን እንደ ሆነ በጽሑፍ ይጠይቅ።

መኪናው ከተገዛ በኋላ አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ሊነዳው ይነሣል። ከጉዞ ሁሉ አደገኛው ይህ ነው፤ ለዓመታት ቆሞ የኖረ ዕቃ በአንድ ቀን አንድ ሺህ ማይል ሲጠየቅ ያለበትን ሕመም ሁሉ ያወጣል። በከባድ መኪና ጭኖ ማስመጣት፣ ወይም እዚያው በገዙበት ከተማ ደኅና ጋራዥ አስገብቶ ፍሬኑን፣ ማኒኮቶውን፣ ቺንጋውንና ዘይቱን ሁሉ ማስለወጥ ይሻላል። ከዚያ በኋላ በቤቱ ዙሪያ አምስት መቶ ማይል ያህል እየነዳ ጠባዩን ይወቅ። በዩታ ግዛት ከግሪን ሪቨር እስከ ሳሊና ባለው አውራ ጎዳና ላይ ከ100 ማይል በላይ ቤንዚን ማደያም ጋራዥም የለም። ወደዚያ የሚያመራ ሰው ማደያውን ሞልቶ፣ የውሃ ፖምፓ ቺንጋ፣ የራዲያተር ማኒኮቶ፣ ቦቢና፣ የቤንዚን ፖምፓ፣ ሁለት ጋሎን ውሃና የእጅ ባትሪ በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አስቀምጦ ይነሣ። በእነዚህ መኪኖች ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይህ ሁሉ ገብቶ ለቤተሰቡ ሻንጣ የሚሆን ሰፊ ቦታ ይተርፋል።